ቀለበቱን ከማዘዛችሁ በፊት

ስለ ጌጥ ስናነሣ አንዳንዶቻችሁ «ክርስቲያን ማጌጥ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» የሚለውን ክርክር ትጠብቁ ይሆናል። እርሱን ለሌላ ቀን እንተወው። የዛሬው ጉዳያችን በመስታወት ውስጥ የተደረደረውን አልፈው «እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ነው» እያሉ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ስለሚሄዱ እጮኛሞችና ባለትዳሮች ነው።

የሚጠየቀው ነገር አንዳንዴ ያስገርማል። የእጮኛውን የጣት አሻራ በቀለበቱ ላይ ማስቀረጽ የሚፈልግ አለ። የልጇን መጀመሪያ የወለቀ ጥርስ በሐብል ማንጠልጠል የምትሻም አለች። በአውሮፓና በአሜሪካማ የእናት ጡት ወተት አድርቀው ፈርጥ የሚያስመስሉ ባለሙያዎች አሉ። «ይህስ በዛ!» የምትሉ ካላችሁ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። ነገር ግን ልማዱ የዛሬ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተጋጥመው አንድ የሚሆኑ ሁለት ክፍል ያላቸው ቀለበቶች ይሠሩ ነበር፤ እጮኛሞቹ አንዳንድ ክፍል ይዘው ይቆዩና በሠርጋቸው ቀን ያገጣጥሟቸዋል። በእኛም አገር አያቶቻችን 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማርትሬዛ ብር ለአንጥረኛ ሰጥተው በማስቀለጥ ጌጥ ያሠሩ ነበር።

ጥሩ ባለሙያ እንግዳ ሐሳብ አያስደነግጠውም። እርሱ የሚጠይቀው «ይህ ጌጥ የሚደረግበት እጅ ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። ለምሳሌ በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘውን ኦፓል እንውሰድ። ውበቱ ልብ ይሰርቃል፤ «የአገራችን ድንጋይ በቃል ኪዳን ቀለበቴ ላይ ይሁንልኝ» ማለትም የሚያስደስት ምኞት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲቆይ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል፤ ዘይት ከመጠጠ ግን እንደ ውኃው ቶሎ አይለቅም። ሊጥ ለሚያቦካ፣ ቅቤና በርበሬ ለሚነካ እጅ (የባልም ሊሆን ይችላል!) ከቀለበት ይልቅ የአንገት ሐብል ቢሆን ይመረጣል። እንዲሁም ጋራዥ ወይም ኤሌክትሪክ ላይ የሚሠራ ባል ቀለበቱን ሥራ ቦታ ቢያወልቅ ሚስቱ ልትቀየም አይገባም፤ ማሽን የያዘው ቀለበት ጣት ይዞ ይሄዳልና።

ጽሑፍ ስታስቀርጹም አስተውሉ። የፊደላችን ልዩነት በትንሽ ጭረት ነው። የ«ዴ» እግር ላይ ያለችው ክብ ከተደፈነች «ውዴ» ያላችሁት «ውዲ» ተብሎ ይነበባል። ቃሉ ባጠረ ቁጥር ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ልታስቡበት የሚገባው ግን አሮጌ ወርቅ አቅልጦ አዲስ ማሠራት ነው። እንዲህ አስቡ፤ ሙሽራዪቱ የሟች እናቷ ጉትቻ አላት፤ እህቷ ደግሞ ዓረብ አገር ስትሠራ ቆይታ የላከችላት አምባር አለ። ሙሽራው በቅንነት «ሁለቱን አቅልጠን አንድ የሚያምር ነገር እናሠራ፤ ወጪም ይቀንሳል» ይላል። እርሷም ላለማስቀየም ዝም ትላለች። ወንድሞች፣ ይህን ዝምታ እሺታ አድርጋችሁ አትውሰዱት! ለእናንተ በግራም የሚቆጠር ወርቅ ነው፤ ለእርሷ የእናቷ ጆሮ፣ የእህቷ ላብ ነው። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ «ቅር ብሎኝ ነበር» ብትል ጉትቻውን የሚመልስላት የለም። እኅቶችም ብትሆኑ ቅሬታችሁን ከመቅለጡ በፊት ተናገሩ።

ሌላም መንገድ አለ። ባለሙያው የጉትቻውን ቅርጽ በጎማ ሻጋታ ወስዶ፣ በሰም ቀድቶ፣ በአዲስ ወርቅ ሊያወጣው ይችላል። የእናት ጉትቻ በሳጥኑ ይቀመጣል፤ መልኩ ግን በሙሽራዪቱ አንገት ላይ ይውላል።

ተስማምታችሁ የምታስቀልጡ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አስመዝኑ። በዘፍጥረት 24 የርብቃ ጌጥ እንኳ ሚዛኑ ተጽፏል። ፈርጥ ካለው ይውለቅና ለብቻው ይቀመጥ። የካራቱንም ነገር ጠይቁ፤ 10 ግራም ባለ 21 ካራት ከ10 ግራም ባለ 18 ካራት ጋር ቢቀልጥ የሚወጣው 19.5 ካራት ነው። በአሮጌው ጌጥ ውስጥ ብየዳ ካለም ከዚህ ሊወርድ ይችላል። ትርፍራፊው የማን እንደሚሆን ከሥራው በፊት ተነጋገሩ።

አንድ ጥያቄ ግን ከእንግዳነቱ ይልቅ ያሳዝናል። ገንዘብ የቸገረው ባል የሚስቱን ቀለበት «ላስጠርግልሽ» ብሎ ይወስድና «ይህን የሚመስል ብር በወርቅ ቀብተህ ሥራልኝ» ይላል። ብር ከወርቅ እንደሚቀል እጇ ይነግራታል፤ ቅቡም እየዋለ እየለቀቀ ይሄዳል። ያን ጊዜ ጥያቄዋ የቀለበቱ ዋጋ አይሆንም፤ «ሌላስ ምን ደብቆኛል?» ነው የምትለው። ወንድሜ ሆይ፣ «ተቸግረናል፤ ቀለበትሽን እንሽጠው» ማለት አንድ ምሽት ሊያስለቅሳችሁ ይችላል። ለዚያ ምሽት ግን ሁለታችሁም አላችሁ።

በትዳር ብዙ ዓመት ለቆያችሁም አንድ ነገር ላንሣ። የጣት መገጣጠሚያ በሪህ ሲያብጥ ቀለበት አልወልቅ ወይም አልገባ ይላል፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ወርቅ ሠሪውን «እንደ በር የሚከፈት አድርግልን» ብላችሁ ጠይቁት። ቀለበቱ ተቆርጦ ማጠፊያና መቆለፊያ ይገባለታል፤ ያበጠውን መገጣጠሚያ ተከፍቶ ያልፍና ከጣቱ ሥር ሲደርስ ይዘጋል። ቀለበቱ በጣም ቀጭን ከሆነ ማጠፊያውን ስለማይሸከም ትንሽ ወርቅ ሊጨመርበት ያስፈልግ ይሆናል። በውስጡ የተቀረጸ ስም ካለም መቁረጫው በዚያ በኩል እንዳያልፍ አስቀድማችሁ አሳዩት።