የሊምፎሳይት ካንሰርን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ብቻውን አይበቃም

ሥር የሰደደ የሊምፎሳይት የደም ካንሰር (ሲኤልኤል) ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ታማሚው ለሌላ ጉዳይ በሰጠው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ሲገኙ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የበሰሉ የሚመስሉ ትናንሽ ሊምፎሳይቶችና በስላይዱ ላይ የፈረሱ ሕዋሳት ይስተዋላሉ። ይህ ግን ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ ምርመራውን አይቋጭም፤ ማንትል ሴል ሊምፎማን የመሳሰሉ ሌሎች የቢ ሊምፎሳይት ካንሰሮችም ተመሳሳይ መልክ ሊይዙ ይችላሉና።

ልዩነቱን የሚያሳዩት በሕዋሱ ገጽ ላይ ያሉ ጠቋሚ ፕሮቲኖች ሲሆኑ የሚለዩትም በፍሎ ሳይቶሜትሪ ነው። የሲኤልኤል ሕዋስ ሲዲ19፣ ሲዲ5 እና ሲዲ23ን በአንድነት ይይዛል፤ ሲዲ20 ግን ይደበዝዝበታል። ማንትል ሴል ሊምፎማም ሲዲ5 ቢኖረውም አብዛኛውን ጊዜ ሲዲ23 እና ሲዲ200 አይታዩበትም። ከካፓና ከላምዳ አንዱ ብቻ መገኘቱ ደግሞ ሕዋሳቱ ከአንድ ምንጭ መራባታቸውን ያመለክታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ዓለም አቀፍ መመሪያ እነዚህ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ቢያንስ 5,000 ሆነው ለ3 ወራት መዝለቃቸውን ይጠይቃል፤ የመቅኔ ናሙናን ግን ለምርመራው ግዴታ አያደርግም።

የስህተቱ ዋጋ ከባድ ነው። ምልክት የማያሳይ የመጀመሪያ ደረጃ ሲኤልኤል ያለ መድኃኒት በክትትል ይቆያል፤ ማንትል ሴል ሊምፎማ ግን ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ መታከም ይገባዋል። የአንዱ ስም ለሌላው ሲሰጥ አንዱ ታማሚ ያለ አግባብ መድኃኒት ይወስዳል፤ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል።

ቴክኖሎጂው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በኤችአይቪ ሕክምና ሲዲ4 ሲቆጠር የኖረው በዚሁ መርሕ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ሕክምናው የሲዲ4 መጠን ሳይጠበቅ እንዲጀመር ከመከረ ወዲህ ለዚያ ውሳኔ የነበረው የቆጠራ አስፈላጊነት ቀንሷል። ለቆጠራ ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች ለሲኤልኤል አያገለግሉም፤ ባለ ብዙ ቀለም መሣሪያና የሠለጠነ ተርጓሚ ያስፈልጋል። የናሙና አያያዝ፣ የጥራት ቁጥጥርና የጥገና ልምድ ግን በእጅ ያለ ሀብት ነው።

የፀረ-አካላቱ ዋጋ ውድ መሆኑ የማይካድ ነው። ስለዚህም ምርመራውን በየሆስፒታሉ ከመበተን ይልቅ በጥቂት ሪፈራል ማዕከላት ማሰባሰብ፣ በጥቂት የተመረጡ ጠቋሚዎች መጀመር፣ አጠራጣሪውን ብቻ ወደ ዘረመል ምርመራ ማሳለፍ ይሻላል። የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም በማይክሮስኮፕ የተሰጠው ውጤት በጠቋሚዎች ሲፈተሽ ምን ያህል እንደሚጸና ቢለኩ፣ ለውሳኔ ሰጪዎች ከግምት የተሻለ መሠረት ያስገኛሉ።