ከአፈር በቆዳ ስለሚገባ መርዝ

ምግብ በአፍ፣ አየርም በአፍንጫ እንዲገባ ሁሉም ያውቃል፤ በቆዳ የሚገባ ነገር መኖሩን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ይህንኑ ነገር ልንገልጽ ወደድን፤ ምሳሌውንም ከቋራና ከመተማ ቆላ እናመጣለን።

ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ለሱዳን ወሰን የቀረበ፣ ሙቀት የበዛበት፣ ሰሊጥና ጥጥ ማሽላም የሚበቅልበት ዋልካ መሬት ነው። በክረምት ሰሊጡን ለማረም፣ ከመስከረም ጀምሮም ለማጨድ ብዙ ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ፤ የአገሩ ሰው ሳሉግ ይላቸዋል። ከነዚህም ብዙዎቹ በባዶ እግር ወይም እግርን በማይሸፍን የላስቲክ ጫማ ይሠራሉ፤ ሌሊትም በእርሻው ዳር በመሬት ላይ ይተኛሉ። በዚያው መሬት ላይ ግን አረም የሚያጠፋና ተባይ የሚገድል መድኃኒት ይረጫል፤ ታጭዶ በቆመው የሰሊጥ ነዶ ዙሪያም የመርዝ ዱቄት ይነሰነሳል።

ቆዳ አጥር ነው፤ ነገር ግን በር ያለው አጥር ነው። ውኃን በብዙው ይከለክላል፤ በቅባት የሚሟሟ መርዝ ግን ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ማይባክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1963 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርመራ፣ ፓራታዮን የሚባለው የተባይ መርዝ በክንድ ላይ ሲቀባ ከመቶው 9 ያህል፣ በግንባር ላይ 36 ያህል፣ በብብት ደግሞ 64 ያህል ወደ ሰውነት እንዲገባ ተገኘ። እንግዲህ ላቡን በቆሸሸ እጁ ከግንባሩ የሚጠርግ ሠራተኛ መርዙን ከጠባቡ በር ወደ ሰፊው በር ማዛወሩ ነው። ሙቀትና ላብ፣ የቆሰለ ቆዳም በሩን ይበልጥ ያሰፉታል።

መርዙ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል አፈሩ ይይዘዋልና የሚገባው መጠን ያንሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው መምሪያ፣ በቆዳ ላይ ከተጣበቀ አፈር ውስጥ ከዲዲቲ ከመቶው 3፣ ቱ ፎር ዲ ከሚባለው የአረም መድኃኒት ከመቶው 5 እንደሚገባ ይገምታል። ቢሆንም ጥቂት ነው ተብሎ አይናቅም፤ እርጥብ ዋልካ ከእግር ጋር ተጣብቆ ይውላልና፣ ሳይታጠብ ካደረም የመግቢያው ጊዜ ይረዝማል። ሕፃናትም በመሬት ይድኻሉ፤ የቆዳቸውም ስፋት ከክብደታቸው ጋር ሲመዛዘን ከትልቅ ሰው ይበልጣል። አባት በልብሱና በጫማው ያመጣውን አፈር ልጅ በቤት ውስጥ ያገኘዋል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የመድኃኒቱን ንግድና አያያዝ ይቈጣጠራል። ሆኖም የአዋጁ ፍሬ በእርሻው ላይ የሚታየው ባለ እርሻው ሲፈጽመው ነውና፣ ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ ይህን እንድታደርጉ እንለምናለን። ከቀን ዋጋው ሌላ እግር የሚሸፍን ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ይሰጠው፤ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላም ወደ ተረጨው እርሻ አይግባ። መርዝ የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ እንኳ ለውኃ አይሁን። የሥራ ልብስም ከሕፃናት ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

ከእርሻ ሲመለስ ራሱን ያመመው፣ ላቡና ምራቁ የበዛ፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ፣ የሚያስታውክና የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢገኝ፣ አገሩ ቆላ ነውና ወባ ነው ብሎ ማስተኛት አይገባም። ሕመሙ ሥራው ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ የሚያጥበውም ሰው እጁን ይሸፍን። ከዚያም ሳትዘገዩ የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ሲያውቅ የሚያረክሰውን መድኃኒት ፈጥኖ ይሰጣልና።

ሰሊጡ ባሕር ተሻግሮ የሚያመጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ያጨደው ሰውም በጤና ወደ ደጋው ወደ ልጆቹ ሊመለስ ይገባዋል።