ለጎንደር ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ኅዳር ላይ ስለሚመረዙት ኩሬዎች

ክቡር ከንቲባ፣

የማራኪ ነዋሪ ነኝ። ስለ መንገድና ስለ ቧንቧ ውኃ የሚጽፍልዎ ሰው አይጠፋምና እኔ ስለ ዓሣ ልጻፍልዎ። «በጎንደር ከተማ የምን ዓሣ?» ካሉኝ፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ ዳር ወረድ ይበሉ። የክረምቱ ድፍርስ አልፏል፤ ወንዙ ከስቶ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኗል። ልጆች ዘንግ ላይ ክር አስረው፣ መንጠቆው ላይ የምድር ትል ሰክተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ከጣት አይበልጥም፤ ጩኸታቸውን ለሰማ ግን አምባዛ የጎተቱ ይመስላል።

ከእነዚህ ልጆች ጋር ጸብ የለኝም። እንዲያውም ቢበዙ ደስ ይለኛል፤ ወንዝ ሲበላሽ ቀድሞ የሚያውቀው ዳሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ጸቤ ከብርብራ ጋር ነው።

የብርብራ ፍሬ ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ምን እንደሚያደርግ ለጎንደር ሰው አልነግርም። በውስጡ ያለው ሮቴኖን ዓሣው የሚስበውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ይሰክራል፣ ይገለበጣል፣ ይንሳፈፋል። ክረምት ላይ ወንዙ ሙሉ ስለሆነ ዱቄቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ኅዳር ላይ ግን ኩሬው የቆመ ነው፤ ጥቂት ይበቃዋል። መንጠቆ አንዱን ያወጣል፤ ብርብራ ግን ትልቁንም፣ ዘንድሮ የተፈለፈለውንም፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም አይምርም። አጎበር ዘርግቶ ኩሬ የሚጠርገውም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ነገሩ ከተማችን ውስጥ ቢቀር ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የቀሃና የአንገረብ ውኃ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና ዓሦች በርካታዎቹን ለሳይንስ አስተዋውቋል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥናት ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ ሳይሆን 17 ያህል ዝርያ ያለው ዘመዳሞች ስብስብ መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ሰባት ያህሉ ክረምቱ ሲገባደድ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ጉማራና ርብ ይታወቃሉ፤ መገጭም ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ነው። ጫጩቶቹ ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ በኩሬ በኩሬ እያደጉ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። የከተማችን ጣት የሚያክል ዓሣ ሁሉ የጣናው ነጭ ዓሣ ነው አልልም። ግን ከላይ የምንደፋው ቆሻሻ ታች ይደርሳል፤ ከላይ የለመድነው ብርብራም ታች መገጭ ላይ እንግዳ አይደለም። ለግንባታ ከወንዙ የሚጫነው አሸዋና ጠጠርም ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት አልጋ ነው።

ይህ የጣና ነጭ ዓሣ ስብስብ ለዓለምም ብርቅ ነው። በፊሊፒንስ ላናዎ የሚባል ሐይቅ እንዲሁ የራሱ ዘመዳሞች ዓሦች ነበሩት፤ ከሌላ ቦታ በገቡ አዳኝ ዓሦችና ያለ ልክ በማጥመድ ተመናመኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሥራ አምስቱ ጠፍተዋል ተብሎ ተመዘገበ። ጣና ግን በእጃችን አለ፤ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። የምዝገባው ሰሌዳ ሐይቁ ዳር ነው፤ ዓሣው የሚራባበት ወንዝ ግን በእኛ በኩል ይመጣል።

ሕግ የለም እንዳይባል የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ በመርዝ ማጥመድ የተከለከለ ነው። የጠፋው ኩሬው ዳር የሚደርስ ሰው ነው። ደግሞ ወቅቱን ያስተውሉት፦ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ገበያው ግን ከጎርጎራ የሚመጣውን ዓሣ አጥብቆ የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ኩሬውንም የሚያስመረዝ ይኸው ፍላጎት ነው።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር ድረስ የክፍለ ከተማ ደንብ አስከባሪዎች የወንዝ ዳሩንም ሥራቸው ያድርጉት፤ መንጠቆ የያዘውን ልጅ ግን አያባርሩብን። በብዙ ከተማ ኅዳር 12 ሰፈር ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ እኛ ዘንድ የተጠረገው ወንዝ እንዳይደፋ መኪናና ቦታ ከወዲሁ ይዘጋጅ። የመገጭ ግድብ ባለቤት ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ግድቡ አልቆ ውኃ መያዝ ሲጀምር ክረምት ላይ ለዓሣው ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚጠይቅ ከከተማው ቢኖር፣ እርስዎ ቢሆኑ እወዳለሁ።

«በጀት የለም» የሚለው መልስ እንዳይመጣብኝ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ለጥምቀት የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቀሃ ውኃ ነው። ለዚያ ሲባል ቦዩ ይጠረጋል፣ ሰው ይመደባል፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ስብሰባ ይነሳል። ስለዚህ ወንዝ መጠበቅ ለከተማችን አዲስ ሥራ አይደለም፤ በዓመት አንዴ እናውቅበታለን። ያንኑ ኮሚቴ ከሁለት ወር ቀደም አድርገው ይጥሩት፤ አጀንዳው ላይ ብርብራን ይጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የማራኪ ነዋሪ

ግልባጭ፦
በክልሉ የዓሣ ሀብት ጉዳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት
ለማራኪ ክፍለ ከተማ አስተዳደር