ከፎቶው ጀርባ ያለው ስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሜጋ ከተማ ዕድሜ ጠገብ ወደ ሆነ የክርስቲያን ቤት የገባ እንግዳ ከተቀመጠበት ቀና ሲል ዐይኑ የሚያርፈው በመስታወት በተገጠሙ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ላይ ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር አለ፤ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆሙ ሙሽሮች አሉ፤ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች እናት አለች። ከጥግ ደግሞ ከቤቱ ሰው አንድም ስማቸውን የማያውቅላቸው ፊቶች አይጠፉም። እንግዳው «እኚህስ ማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ «የአያታችን ወንድም ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚል መልስ ያገኛል። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ፤ ሰውየው ግን ከቤቱ ወጥተዋል።

ይህ ነገር በየትም አገር ያለ ቢሆንም በእኛ ከተሞች ይበልጥ ያሳስባል። በነገሌ ቦረና፣ በሜጋና በሞያሌ የምንገኝ ኦርቶዶክሳውያን ሁላችን ባንሆንም ብዙዎቻችን አያቶቻችን በውትድርና፣ በንግድ፣ በመምህርነትና በሌላም የመንግሥት ሥራ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ የመጡ ናቸው። በጎጃም ገጠር የተወለደ ልጅ የቅድመ አያቱን ነገር ቢዘነጋ እንኳ ርስታቸውን፣ ደብራቸውንና መቃብራቸውን የሚያሳየው ዘመድ አያጣም። የእኛዎቹ ግን ዘመዳቸውንም ርስታቸውንም ትተው የመጡ ስለ ነበሩ ለልጅ ልጅ የተረፈው ምስክር በሣጥን የሚያልቅ ነው፤ ጥቂት ፎቶ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ መቋሚያ፣ ምናልባትም አንድ ሜዳልያ።

የሜጋ ምሽግ በየካቲት 1933 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኢጣልያ እጅ መውጣቱ በጦር ታሪክ መጻሕፍት ተጽፏል። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ማመፁንም የአብዮቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አይዘሉትም። ከዚያ ሁሉ ወታደር መካከል ማን እዚህ ትዳር እንደ መሠረተ፣ ልጁን የት ክርስትና እንዳስነሣ፣ የት እንዳረፈ ግን እነዚያ መጻሕፍት አይነግሩንም። የአዲስ አበባ ቤተሰቦች የአልበም ፎቶዎች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተሰኘ መጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል። የእኛን ሣጥን ግን ከእኛ በቀር ማን መጥቶ ይከፍተዋል?

ጎረቤቶቻችን ቦረናዎች በዚህ ረገድ ይበልጡናል። ዘመንን የሚቆጥሩት በየ8 ዓመቱ ሥልጣን በሚረከቡት አባ ገዳዎች ስም ነው፤ የገዳ ሥርዓትም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2009 ዓ.ም. ነው። የታሪክ ዐዋቂ የሆነ የቦረና ሽማግሌ ፎቶም አልበምም ሳያሻው ማን በማን ዘመን እንደ ነበረ እያከታተለ ይነግርሃል። እኛ በወረቀት ተማምነን በቃል መያዙን ትተናል፤ ወረቀቱ ላይም ስም አልጻፍንም።

ወገኖቼ፣ ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል። በፍትሐት፣ በተዝካርና በሙት ዓመት ካህኑ የሚጠራውም ይህንኑ ስም ነው። በዲቁና ሳገለግል ደጋግሜ ያየሁትን ልናገር። ለአያቱ ጸሎት ሊያስደርግ የመጣ ወጣት ካህኑ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉት ዝም ይላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ይደውላል፤ እናቱ ለአክስቱ ትደውላለች፤ አክስቱም ብዙ አስባ «ኃይለ… የሚል ነበረበት» ትላለች። በዚያው ስልክ ውስጥ የአያቱ ፎቶ በሦስት ዓይነት ቀለም ተውቦ ተቀምጧል። ለጸሎቱ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የጠፋውም እርሱ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «የሞተን ሰው ዕቃና ፎቶ ማስቀመጥ ሥጋዊ ነው፤ ነፍሱን በጸሎት ማሰብ ይበቃል» ሲሉ እሰማለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ዕቃን እንዲህ አይንቅም። ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። ስለ ደግነቷ ረጅም ንግግር ማድረግ አላስፈለጋቸውም፤ ልብሱ ተናገረላቸው። ኢያሱም ከዮርዳኖስ 12 ድንጋይ ያስወጣው ልጆች አንድ ቀን አይተው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነው (ኢያ. 4፥6)። ልብ በሉ፤ ድንጋዩ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ጠያቂ ልጅና መልስ ያለው አባት ካልተገናኙበት የወንዝ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

በሌላው ጎን ደግሞ ልኩን የሚያልፉ አሉ። የሟች አባታቸውን ፎቶ ከሥዕለ አድኅኖ ጎን ሰቅለው በፊቱ ሻማ የሚያበሩ ቤቶች አይቻለሁ። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ እንኳ ሰዎች ሲያጥኑለት ጊዜ ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ኛ ነገ. 18፥4)። ስለዚህ ሥዕለ አድኅኖ የብቻው ቦታ ይኑረው፤ የቤተሰብ ፎቶ በሌላው ግድግዳ ይሰቀል። ሟቹን የሚጠቅመው በፎቶው ፊት የሚበራው ሻማ ሳይሆን በስሙ የሚደረገው ጸሎትና ምጽዋት ነው።

አንዲት ትንሽ ፎቶ ምን ያህል ልትሸከም እንደምትችል ማየት የሚወድ፣ አዲስ አበባ ሲሄድ በመስቀል አደባባይ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይጎብኝ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ግድግዳዎቹ በዚያ ዘመን በተገደሉ ሰዎች ፎቶ ተሞልተዋል፤ አብዛኞቹም ገና ወጣቶች ናቸው። እንደ መታወቂያ ፎቶ ያለች ጉርድ ፎቶ ዛሬ ምስክር የሆነችው፣ ልጁን የሚያውቅ ሰው ሳይጥላት አስቀምጦ «ይህ እገሌ ነው» ብሎ ስለ ሰጣት ነው።

እንግዲህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን የምንገባ ተማሪዎች ሣጥኑን የማስከፈት ጊዜ አለን። እናቶቻችንን አጠገባችን አስቀምጠን፣ ቡና እየተፈላ፣ አንድ አንድ ፎቶ እያነሣን እንጠይቅ። የዓለም ስሙንና የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን አገር፣ የተጠመቀበትን ደብር፣ ያረፈበትን ቀን ከጀርባው እንጻፍ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ምስሉን ያበላሻል፤ ለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይሻላል። አሮጌ ፎቶ ላሚኔት አይደረግ፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ላስቲኩንም በኋላ ማላቀቅ አይቻልም። በወረቀት ፖስታ ተደርጎ በቆርቆሮ ሣጥን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ከምስጥም ከአቧራም ይተርፋል። በስልክ ቅጂውን ስናነሣ ጀርባውንም እናንሣ፤ ቅጂውም ከአንድ ሰው ስልክ በላይ ይኑር፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም።

ዳዊቱን ደግሞ ገልበጥ አድርጉት። አባቶቻችን በባዶው ገጽ ላይ የልጆቻቸውን ልደትና የወላጆቻቸውን ዕረፍት የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ የምትፈልጉት የክርስትና ስም እዚያ ሊገኝ ይችላል። በብራና የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ማንም ገዥ ቢመጣ፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ እባካችሁ አትሽጡት።

ማንም ያላወቀውን ፎቶ አትጣሉት። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ጥላ ሥር ለሚያርፉት አረጋውያን እናቶች አሳዩአቸው፤ በጽዋ ማኅበርም ላይ ይዙር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው ትንሽ ይቆዩበታል። ስሙን ሲነግሯችሁ እርሳሱ በእጃችሁ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።