ከፋብሪካ ማሽን እስከ መርካቶ መጋዘን፦ ኩንታሉን የሚሸከመው ማን ነው?

ምርት ከፋብሪካ በር ሲወጣ የተፈጸመ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ዕቃው ከተጠቃሚው እጅ እስኪደርስ ድረስ ይጫናል፣ ይራገፋል፣ ይደረደራል፣ ይጠበቃል፤ በየእርከኑ የሚፈሰው የሰው ጉልበት ሁሉ የምርቱ አካል ነው። ከማሽኑ ፊት የቆመውና ከመጋዘኑ ደጃፍ ሸክም የሚያወርደው በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ናቸው። ይሁንና የመጀመሪያውን «ሠራተኛ» ብለን ስንጠራ፣ ሁለተኛውን «ኩሊ» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ በስም ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ዳሩ ግን የስሙ ልዩነት የመብት ልዩነት ሆኖ አንዱን በጡረታ፣ ሌላውን በባዶ እጅ ያሰናብታል።

«ላብ አደር» እና «ወዛደር» የተባሉት ቃላት በ1960ዎቹ ከየመድረኩና ከየጋዜጣው ሲሰሙ ትርጉማቸው ግልጽ ነበር፤ በላቡ፣ በወዙ የሚያድር ማለት ነው። ቃላቱ የሰውየውን ላብ እንጂ ከፊቱ ማሽን መኖር አለመኖሩን አይጠይቁም። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ ከእህል በረንዳው ተሸካሚ ይልቅ ለስሙ የቀረበ ማን ይገኛል?

መርካቶ የተቆረቆረው በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፣ ወራሪው የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ባዛወረ ጊዜ ነው። ስሙም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በእህል በረንዳ፣ በሸማ ተራ፣ በሲዳሞ ተራና በምናለሽ ተራ ከተከማቸው ሀብት ውስጥ በሰው ጀርባ ያላለፈ ጥቂት ነው። የጭነት መኪና በማያስገቡት ቀጫጭን መንገዶች ዕቃው የሚሻገረው ዛሬም በትከሻና በጋሪ ነው።

እስቲ የሁለቱን ሠራተኞች የሥራ ዘመን ጎን ለጎን እንመርምር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመፍተያ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ኑሮው የተመቸ አይደለም። የጥጥ ብናኝ ሳንባውን፣ የማሽን ጩኸት ጆሮውን ይጎዳዋል፤ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍ ይነሳዋል። ነገር ግን የተቀጠረበት ቀን ተመዝግቧል፤ ስሙ በደመወዝ መክፈያው ላይ ሰፍሯል፤ ጉዳት ቢደርስበት የሚጠየቅ አሠሪ አለው። በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች በተዘረጋው የጡረታ ዐቅድ መሠረት እርሱ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ 60 ዓመት ሲሞላው አበል ያገኛል።

የመጋዘኑ ተሸካሚ ግን ገና በጉርምስናው ከገጠር መጥቶ ሸክም ይጀምራል። ጉልበቱ እስካለ ድረስ የሚጠራው ብዙ ነው፤ ወገቡ በጎበጠ ማግሥት የት ይሠራ እንደነበር የሚመሰክርለት አንዲት ወረቀት አይኖረውም። 30 ዓመት ቢሸከምም በመዝገብ ፊት ዛሬ ጧት እንደ ጀመረ ሰው ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ ከባድ የእሳት ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ የነጋዴዎች ሱቆችና ዕቃዎች ወደሙ። ከተቃጠለው ሱቅ በስተጀርባ በዚያ ዕቃ የዕለት እንጀራውን ያገኝ የነበረ ተሸካሚ መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ካሳ መጠየቅ ይቅርና መጎዳቱን እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ለመሆኑ የፋብሪካው ሠራተኛ መብቱን ያገኘው እንዴት ነው? በችሮታ አይደለም፤ በመደራጀት ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የወጡ ነበሩ። ማኅበሩ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አንሥቶ ለ4 ቀናት ያካሄደው አድማ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ነው። በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩ፣ አንድ አሠሪ ያላቸው ሠራተኞች በቀላሉ ይገናኛሉ። ተሸካሚው በአንጻሩ ጧት የአንዱን፣ ከሰዓት የሌላውን መጋዘን የሚሞላ በመሆኑ ተበታትኖ ቀርቷል።

ይህ መበታተን ግን የማይፈታ ቋጠሮ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ባይደረግ እንኳ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘና የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩም፣ ቁጥራቸው ከ10 ካላነሰ፣ ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ሦስትና አራት ሰው ለሚያሠራው የመርካቶ መጋዘን ይህ አንቀጽ በልክ የተሰፋ ነው። ቋሚ አሠሪ የሌላቸው ተሸካሚዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከነጋዴው ጋር በጋራ መዋዋል ይችላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ሸክሙ ወደ ራሱ እንምጣ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚህ ልክ እንዲወርድ አሳስቧል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የፋብሪካውና የመጋዘኑ ሠራተኛ ጥቅም የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። የጆንያው ክብደት የሚወሰነው በተሸካሚው ጀርባ ላይ አይደለም፤ ጆንያው በሚሞላበትና አፉ በሚሰፋበት ስፍራ ነው። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ታሽጎ ከፋብሪካ ይወጣል። ጤፉና ስንዴው በዚሁ ልክ እንዳይሰፋ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ የለም። የማሸጊያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛና ማኅበሩ ይህን ጥያቄ የራሳቸው ጥያቄ ሊያደርጉት ይገባል።

«ኩንታሉ ለሁለት ቢከፈል የተሸካሚውም ገቢ ለሁለት ይከፈላል» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ክፍያው በጆንያ ቁጥር እስከ ሆነ ድረስ ለውጡን በቅድሚያ የሚቃወመው ተሸካሚው ራሱ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ክፍያውን በክብደት ማድረግ ነው፤ 100 ኪሎ ያስገባ በአንድ ጉዞም ሆነ በሁለት የ100 ኪሎ ዋጋ ይገባዋል። መመላለሱ የሚወስደውን ጊዜ ጋሪ ይክሰዋል። ዛሬ በሁለት እጥፍ ሸክም የተረፈች ሰዓት ነገ ከሠራተኛው የሥራ ዕድሜ ላይ የምትቀነስ መሆኗንም ልብ ይሏል።

በሌላ በኩል የጫኝና አውራጅን ሥራ የሚያጎድፍ ድርጊት ሲታይ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ነዋሪው የቤት ዕቃውን በራሱ ጉልበት ላውርድ ሲል መንገድ ዘግቶ ክፍያ መጠየቅ የሠራተኛ ባሕርይ አይደለም። ያላፈሰሰውን ላብ ዋጋ የሚጠይቅ፣ በእውነት የሚያፈስሰውን ወንድሙን መብት ያረክሳል። ሕዝብ የሚደግፈው ማኅበር ተመኑን በግልጽ የለጠፈ፣ አባሉን የሚቆጣጠር ማኅበር ብቻ ነው።

ስለሆነም ሦስት ተግባራት ከፊታችን ተደቅነዋል። አንደኛ፣ የመጋዘን ሠራተኞችና ተሸካሚዎች በየተራቸውና በየበረንዳቸው ይደራጁ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበራትም ልምዳቸውን ያካፍሏቸው። ሁለተኛ፣ ነጋዴዎች የአንድ ሰው ሸክም ልክ እንዲኖረውና ክፍያው በክብደት እንዲሆን ከማኅበራቱ ጋር ይስማሙ፤ ጋሪም ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ የአካባቢ ነዋሪዎች ማኅበራትና ዕድሮች ለሠራተኛው ምስክር ይሁኑ። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የእያንዳንዱ ተሸካሚ ስም፣ የሚሠራበት መጋዘንና ሥራ የጀመረበት ቀን የሚሰፍርበት አንድ መዝገብ በየሰፈሩ ይከፈት።