ጣሪያ የተባለው የአምቡላንስ ዋጋ

በአሜሪካ ብዙ ቦታ የግል አምቡላንስ ዋጋ በአካባቢ መንግሥት የሚተመነው በሽተኛው ዋጋ ሊከራከር ስለማይችል ነው። ልቡን ይዞት የወደቀ ሰው ሂሳብ አያጠያይቅም፤ የሚመጣለትንም ድርጅት አይመርጥም። በአሜሪካ 911 ሲደወል የትኛው አምቡላንስ እንደሚላክ የሚወስነው ጥሪውን የተቀበለው ማዕከል እንጂ ደዋዩ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ከጠየቀው ተሳፋሪው ወርዶ ሌላ ታክሲ ይጠብቃል፤ ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ግን መውረጃ የለውም። ስለዚህ ካውንቲው ወይም ከተማው በእሱ ቦታ ሆኖ ይደራደራል። ችግሩ፣ ድርድሩ ሁልጊዜ የበሽተኛውን ኪስ ያስቀደመ አለመሆኑ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሎስ አንጀለስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ትንሿ ኢትዮጵያ የታመመ ሰው 911 ሲደውል የሚደርስለት የከተማው የእሳት አደጋ መምሪያ የራሱ አምቡላንስ ነው። የካውንቲው እሳት አደጋ በሚሸፍናቸው ሰፈሮች ግን ሕክምናውን የሚጀምሩት የካውንቲው ፓራሜዲኮች ሲሆኑ፣ ሆስፒታል የሚያደርሰው የግል ድርጅት መኪና ነው። ድርጅቱ ክልሉን በጨረታ አሸንፎ ይይዛል፤ በዚያ ክልል የ911 በሽተኛ ለማጓጓዝ የሚፎካከረው የለም። በምላሹ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ በካውንቲው ደንብ የተወሰነ ነው፤ ተመኑም በየዓመቱ ጁላይ 1 ይስተካከላል።

የተመኑ ሰንጠረዥ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። መነሻ ዋጋው እንደ ሕክምናው ደረጃ ይለያያል፤ መሠረታዊ እርዳታ ብቻ የተሰጠበት ጉዞ አንድ ዋጋ፣ ፓራሜዲክ መድኃኒትና የልብ መቆጣጠሪያ ይዞ ያጀበው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዋጋ አለው። በዚያ ላይ ርቀቱ በማይል ይታሰባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የተጠራ መኪና የሌሊት ጭማሪ አለው። ኦክስጅን ለብቻው ይቆጠራል፤ የአንገት መደገፊያና የበረዶ ከረጢትም እንዲሁ። ቁርጭምጭሚቷ የዞረባት ሴት እግሯ ላይ ያረፈላት በረዶ ከሳምንታት በኋላ ቢሉ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይመጣባታል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ግልጽነት ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም። በረዶና ፋሻ ያልያዘ መኪና አምቡላንስ ሊባል አይችልምና ዋጋቸው መነሻው ውስጥ መግባት ነበረበት።

ትልቁ ወጪ ግን በረዶውም ነዳጁም አይደለም፤ ዝግጁ ሆኖ መጠበቁ ነው። አንድ መኪና ሌት ተቀን እንዲቆም ሁለት ሁለት ሠራተኛ እየተፈራረቀ መቀመጥ አለበት፤ ጥሪ መጣም ቀረም ደሞዝ ይከፈላል። ከዚህ መጠበቅ የሚጠቀመው ነዋሪው ሁሉ ነው፤ ሂሳቡ የሚደርሰው ግን ለተጓዘው ብቻ ነው። ከተጓዦቹም መካከል የመንግሥት የጤና ዋስትና የሆነው ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ያለውን የካውንቲው ተመን አይነካውም። መንግሥት ለእነዚህ የራሱን ክፍያ ቆርጦ አስቀምጧል፤ ድርጅቱም ከዚያ የሚበልጠውን ከበሽተኛው መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ተመኑ በተግባር የሚያርፈው የግል ኢንሹራንስ ባላቸውና፣ የግዛት ሕግ ባልከለከለበት ቦታ፣ ጭራሽ ኢንሹራንስ በሌላቸው ላይ ነው። የሌላው ሁሉ ጉድለት ከእነሱ እንዲሞላ ጣሪያው ከፍ ይላል። ተፎካካሪ የሌለው ድርጅት ከተፈቀደለት አሳንሶ የሚያስከፍልበት ምክንያት ስለሌለው ጣሪያው መደበኛው ዋጋ ሆኖ ያርፋል። ካውንቲው ከበጀቱ ሳያወጣ አገልግሎቱን ያገኛል። ይህ ስሙ ተቀየረ እንጂ ግብር ነው፤ ያውም የታመመ ሰው ብቻ የሚከፍለው ግብር።

ጫናው እንዲቀል የመጣው ሕግም በሙሉ አልደረሰም። ያልታሰበ የሕክምና ቢልን የሚከለክለውና ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ የአየር አምቡላንስን ሲያካትት የመሬቱን ትቶታል። ክፍተቱን አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ሞልተዋል። በካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ ኢንሹራንስ ያለው በሽተኛ አምቡላንሱ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባይኖረውም፣ ውል ቢኖረው ኖሮ ይከፍል ከነበረው ድርሻ በላይ አይጠየቅም። ቀሪውን ኢንሹራንሱ በአካባቢው መንግሥት ተመን ይከፍላል። ኢንሹራንስ የሌለው ደግሞ ከሜዲኬር ወይም ከሜዲ-ካል (የካሊፎርኒያ ሜዲኬይድ) ክፍያ ከሚበልጠው በላይ አይከፍልም። ቴክሳስም በዚያው ቀን ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች፤ የአካባቢ መንግሥት የተመነው ዋጋ ካለ ኢንሹራንሱ እሱን ይከፍላል፣ ከሌለ ከተጠየቀው ዋጋና ከሜዲኬር ክፍያ 325 በመቶ ያነሰውን።

ሕጎቹ ብዙ ቤተሰብ ከኮሌክሽን ደብዳቤ አድነዋልና ሊመሰገኑ ይገባል። ግን የካውንቲውን ተመን ከበፊቱ የበለጠ ከባድ አድርገውታል። ቀድሞ ተመኑ ሲንር የሚጮኸው ቢሉ የደረሰው ሰው ነበር። አሁን ጭማሪው ወርኃዊ የኢንሹራንስ ክፍያ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገባ ማንም ለይቶ አያየውም፤ ዋጋው ሲወሰን ተግቶ የሚከታተለው የአምቡላንስ ድርጅቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተመን የሚያወጣው አካል የድርጅቶቹን የሂሳብ መዝገብ በኦዲተር አስመርምሮ ማውጣት አለበት። ለመጠበቅ የሚወጣውን ወጪም ከጉዞው ወጪ ለይቶ፣ እንደ እሳት አደጋና እንደ ፖሊስ ከሕዝብ በጀት ቢሸፍነው ፍትሐዊ ይሆናል።

የግዛት ሕግ የማይደርስበት ቦታም አለ። ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና በራሳቸው ገንዘብ ስለሚሸፍኑ፣ በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከግዛት የኢንሹራንስ ደንብ ውጭ ያደርጋቸዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ድርጅት አምቡላንስ ቢሄዱ፣ አንዱ ድርሻውን ከፍሎ ይገላገላል፤ ቀጣሪው በራሱ ገንዘብ የሚሸፍንለት ሌላው ግን ቀጣሪው ከከፈለው የተረፈውን የካውንቲ ተመን ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያስተካክለው ኮንግረስ ብቻ ነው። ያልታሰበ ቢልን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ራሱ ያቋቋመው አማካሪ ኮሚቴ በሽተኛው ለአንድ ጉዞ ከ100 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ሐሳብ አቅርቦለታል።