ያረጀው ስልኩ ነው ወይስ ባትሪው?

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ስላሳሰበን የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ብቻ ልንሰጠው ወደድን። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ባለሥልጣን ሲሆኑ አማርኛ መማር ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን አጥርተው ጽፈዋል። «ስልኬ አርጅቷል፤ ከገዛሁት አራት ዓመት ሆኖታል። ጧት ሞልቼው እወጣለሁ፤ ለምሳ ሳልደርስ ይዘጋል። ባለሱቁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለውን አዲሱን ስልክ ይግዙ ይለኛል፤ ልጆቼም ይደግፉታል። ባለቤቴ ግን ያ ገንዘብ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይላሉ።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛ ሰውም ያረጃል፤ ልብስም፣ ቤትም፣ መኪናም ያረጃል። ስለዚህ «ስልኬ አርጅቷል» ማለታቸው የቋንቋ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ለምሳ ሳይደርስ የሚዘጋ ስልክ፣ ብዙውን ጊዜ ያረጀው ባትሪው ነው እንጂ ስልኩ አይደለም።

ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ባትሪ ሊቲየም በሚባል ቀላል ማዕድን የሚሠራ ነው። በተሞላና ባለቀ ቁጥር በውስጡ ያለው ኬሚካል ጥቂት በጥቂት ይደክማል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ፣ በገበያው የሚቀርብ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያው ዐቅሙ ቢያንስ 80 በመቶውን መያዝ እንዳለበት ያዛል። ስልኩን በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚሞላ ሰው 800ውን በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ይጨርሰዋል። እንግዲህ የአራት ዓመቱ የደብዳቤ ጸሐፊያችን ባትሪ 1,400 ጊዜ ያህል ሠርቶ ደክሞታል ማለት ነው። ሙቀትም ድካሙን ያፋጥናል። የአፕል ኩባንያ ስልኮቹን ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት መጠቀም የባትሪውን ዐቅም ለዘለቄታው ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በጅቡቲ፣ በበርበራና በምፅዋ በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ የሚያውቁ ሁሉ፣ ስልካቸውን በቆመ መኪና መስተዋት ሥር ጥለው እንዳይሄዱ እንለምናቸዋለን።

የእኛም ቤት ከዚህ አላመለጠም። የእናታችን ስልክ ባትሪው አብጦ መስተዋቱን ወደ ላይ ገፋው። የሸጠልን ሰው ገና ሲያየው «ይኼ አይሆንም፤ ጣሉትና ሌላ ግዙ» አለን። እናታችን ግን የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፍ በሙሉ በውስጡ ስለ ነበረና በሌላ ቦታ ስላልተገለበጠ አልጥልም ብለው ያዙት። በመጨረሻ አንድ ስልክ ጠጋኝ ባትሪውን ለወጠላቸው፤ እነሆ እስከ ዛሬ ይሠራል። (ያበጠ ባትሪ ሲጫኑት ወይም ሲወጉት በእሳት ሊቀጣጠል ስለሚችል በቤት ውስጥ ለመክፈት የሚሞክር አይኑር።)

ባትሪ መለወጥ ግን እንዲህ አስቸጋሪ የሆነው ባለፉት ዓመታት ፋብሪካዎች ስልኩን በማጣበቂያ ስለሚዘጉት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከአንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ባለ ዕቃው ራሱ ባትሪውን አውጥቶ ሊለውጥ እንዲችል የሚያዝ ሕግ ደንግጓል። «የአውሮፓ ሕግ እኛን ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር የቻርጀሩን ነገር ያስታውስ። አፕል ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአይፎን የራሱን የተለየ ገመድ ይዞ ቆይቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልክ ሁሉ በታይፕ ሲ ገመድ እንዲሞላ ባዘዘ ጊዜ፣ ኩባንያው ቀኑ ሳይደርስ በሴፕቴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይፎን 15 ገመዱን ለወጠ፤ የለወጠውም ለአውሮፓ ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ ነው። አንድ ፋብሪካ ለየአገሩ የተለያየ ዕቃ መሥራት አይሻም።

እስከዚህ ከጻፍን በኋላ «ባትሪዎን ያስለውጡ፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ይዋል» ብለን ልንዘጋ ነበር። ነገር ግን ለጥንቃቄ ያህል ስልካቸው የመጨረሻውን ማሻሻያ ያገኘው መቼ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። (ማሻሻያ ያልነው በየቤቱና በየሱቁ «አፕዴት» የሚባለውን ነው፤ በውይይት ጊዜ አፕዴት ቢሉ ሁሉም ይረዳዎታል።) መልሳቸው «ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚል ነበር። በዚህ ጊዜ ምክራችን ተለወጠ።

አፕዴት ስልኩን ለማሳመር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ሌቦች ወደ ስልኩ የሚገቡበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። አፕዴት የተቋረጠበት ስልክ አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ በስልክ ውስጥ የሚሰረቅ ብዙ ነገር አልነበረም። በኬንያ ኤም ፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ በሐርጌሳም ዛድ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲከተል፣ ገንዘብ የሚላከው በተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረ። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ2021 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ግን ብዙ ሰው ዘመናዊውን ስልክ ይዞ ነበርና ቦርሳውን ወደዚያው አዛወረ። የደብዳቤ ጸሐፊያችንም ደመወዛቸውን የሚያዙት ከዚሁ ስልክ እንደ ሆነ ነግረውናል።

ስለዚህ ስልክ ስንገዛ ከካሜራው በፊት የአፕዴቱን ዘመን እንጠይቅ። ጉግል በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በጃኑዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ለጋላክሲ ኤስ 24 ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ስልኮች ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጣቸው። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይዘነጋ፤ ዘመኑ የሚቈጠረው ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ስልክ ከነላስቲኩ ቢሸጥም የሦስት ዓመት ዕድሜው አልፏል።

ባለሱቁ ስለሚያመሰግነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በሩቅ አገር ባሉ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ስለ ሆነ፣ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ በመጠነኛ ስልክም ይገኛል። የአፕል በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሚሠራው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ገዢው ገንዘቡን ሳያወጣ እዚያው ሱቅ ውስጥ በአማርኛ ይሞክረው፤ ባለሱቁ ከተቈጣ ያው መልስ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኮምፒዩተርና የስልክ ማኅደረ ትውስታ ዋጋ የናረው፣ ሠሪዎቹ ምርታቸውን ለእነዚሁ የአስተውሎት ኮምፒዩተሮች ስላዞሩት ነው። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ለተራው ገዢ የሚያቀርበውን ክሩሻል የተባለ ምርቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። ስልክን የሚያስወድደውና ለስልክ ማሻሻጫ የሚሆነው አንድ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ለደብዳቤ ጸሐፊያችን የላክነው መልስ የሚከተለው ነው። ሲም ካርድዎን ዛሬውኑ በአንድ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ያስገቡ፤ ገንዘብዎን በአጭር ቁጥር እንደ ወትሮው ማዘዝ ይችላሉ። ከአሮጌው ስልክ የገንዘቡን መተግበሪያ ያጥፉ፤ ባትሪውንም አስለውጠው ልጆቹ ትምህርት ይከታተሉበት። የሁለቱ ወጪ ተደምሮ ከአዲሱ ስልክ ዋጋ ስለሚያንስ የትምህርት ቤቱ ክፍያ በጊዜው ይከፈል፤ በዚህ ረገድ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ሌላ ስልክ መግዛት የሚችሉበት ወር ሲደርስም የዘንድሮውን ሳይሆን ገበያ ከወጣ ዓመት የሞላውንና ገና አራት ዓመት አፕዴት የቀረውን ይምረጡ። ስልኩን ለጠጋኙ ከመስጠትዎ በፊት ግን ፎቶግራፎቹን በሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ እናታችን ጥገናው እስኪያልቅ ከጠጋኙ ደጃፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ነበር።